እዚያ ውርጭ አለ ወይ?

መነሻ ጽሑፍ

ቤተሰብ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ቅዳሜ ዕለት መንዝ፣ አያቴ ጋ ወጥቼ ነበር። ከእራት በኋላ ደጅ ላይ፣ ከገብሱ ክምር አጠገብ ተቀመጥን። ኅዳር ነውና ሰማዩ ጥርት ብሏል። እሷ ባናዋን ተከናንባለች። እኔ ኔትወርክ ፍለጋ ስልኬን ከፍ ዝቅ አደርጋለሁ። ድንገት ብቅ አለና አንድ ዜና ከፈተልኝ። ከእኛ ፀሐይ ውጪ በሌሎች ከዋክብት ዙሪያ የሚዞሩ ፕላኔቶች ቁጥር ከ6,000 አልፏል ይላል። ጥቂቶቹ ለኑሮ ሊመቹ ይችላሉ ተብሏል። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። ረጋ ብላ ሰማችኝና፣ እዚያ ውርጭ አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

አፌ ተያዘ። ጥያቄዬም ከዚሁ የመጣ ነው። ይመቻል የሚሉት ምን አይተው ነው? እኔ እስከሚገባኝ ፕላኔቷን በቴሌስኮፕ አይተው፣ ውሃዋንም አይተው ነው። እንዲያውም በፈረንጆቹ 2025 ሚያዝያ ኬ2-18ቢ በምትባለው ላይ ሕይወት ተገኘ ሲባል ሰምቻለሁ። ከተሳሳትኩ አርሙኝ።

መልሶቹ

ይህን የለጠፍኩት እሑድ ጠዋት ነው። ማክሰኞ ማታ 43 መልስ ተከምሮ አገኘሁት። ዘግይታችሁ የገባችሁ ሰዎች ከላይ ጀምሮ ማንበብ ታከተን ስላላችሁ፣ በተራ ቁጥሩ ልተርክላችሁ። ስድቡን አስቀርቼዋለሁ። ሰው ሁሉ በዚሁ በምናውቀው ቅጽል ስሙ ይጠራል።

1ኛው መልስ የበርኖስ ነው። ከመሐል ሜዳ። ስለ ፕላኔት አንዲት ቃል የለውም። ለአያቴ ሰላምታ ልኮ፣ ቤታችን የትኛው ቀበሌ እንደሆነ ጠየቀና ሄደ። እንዲህ ያለ ሰው በየክሩ አንድ አይጠፋም፤ ደግሞም ደስ ይላል።

2ኛው ላይ ቲቸር መጣ። ደብረ ብርሃን ፊዚክስ የሚያስተምረው ነው። በትሕትና ጀምሮ ግማሽ ጽሑፌን አፈረሰው። አብዛኞቹን ፕላኔቶች በዓይኑ ያየ ሰው የለም አለ። የሚታየው ኮከቡ ነው። ፕላኔቷ በኮከቡና በእኛ መሃል ስታልፍ የኮከቡ ብርሃን ትንሽ ደብዘዝ ይላል። በቃ፣ ይህች ድብዘዛ ናት ተለክታ ዜና የምትሆነው። ምን ያህል ትንሽ እንደሆነች ለማሳየትም አንድ ምሳሌ አመጣ። ፀሐይ የቡና ስኒ ማስቀመጫ ታክላለች እንበል፤ ስፋቷ 11 ሴንቲ ሜትር። ያን ጊዜ ምድር አንዲት የጤፍ ፍሬ ናት፤ የምትዞረውም ከስኒ ማስቀመጫው 12 ሜትር ያህል ርቃ ነው። ከሩቅ ሆኖ ለሚያይ፣ ጤፏ በስኒ ማስቀመጫው ፊት ስታልፍ የምትጋርደው ብርሃን ከ12,000 አንድ እጅ ነው።

ይህን ሳነብ ተነስቼ ከጤፍ ጆንያው ቆንጥሬ መዳፌ ላይ ዘረገፍኩ። አንዷን ለይቼ በአውራ ጣቴ ጥፍር ላይ አስቀመጥኳት። ስተነፍስ ጠፋች።

3ኛው፣ አንዴ ስለደበዘዘ ብቻ ፕላኔት ነው ማለት ይቻላል ወይ ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ቲቸር በ4ኛው መለሰለት። ኬፕለር የሚባለው የናሳ ቴሌስኮፕ በፈረንጆቹ 2009 ወደ ሕዋ ተልኮ ከ150,000 በላይ ከዋክብትን ዓይኑን ሳይነቅል አንድ አቅጣጫ ሲመለከት ኖሯል። ድብዘዛው በእኩል ጊዜ ልዩነት ሦስት ጊዜ ካልተደጋገመ አይታመንም ነበር። ምድርን የመሰለች ፕላኔት ደግሞ በዓመት አንዴ ነው የምታልፈው። ስለዚህ ሥራው ዓመታት ይፈጃል።

5ኛው ከሚንጃር ነው። ቲቸር የተናገረው ስለ የትኛው ጤፍ እንደሆነ እንዲያብራራ ጠየቀ። የሚንጃር ነጭ ጤፍ ከሌላው ጋር አይተካከልም ባይ ነው። 6ኛውና 7ኛው በዚህ ተጣሉ። አልተርክም።

8ኛው የመጀመሪያው ፕላኔት የተገኘው በ1995 ነው ሲል በእርግጠኝነት ጻፈ። ሚሼል ማዮርና ዲዲየ ኬሎ የሚባሉ የስዊዘርላንድ ሰዎች 51 ፔጋሲ የተባለውን ኮከብ ሲከታተሉ፣ ኮከቡ ወደ እኛ ቀረብ ራቅ ሲል ያዙት። አንድ ከባድ ነገር እየዞረ ይጎትተዋል ማለት ነው። ጁፒተርን የሚያህል ፕላኔት ሆኖ ተገኘ፤ ኮከቡን ዞሮ የሚጨርሰው በ4 ቀን ነው። በ2019 ለዚሁ ሥራቸው የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

9ኛው ተገረመ። በ1995 የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፣ ሳይንስ አስተማሪያችን እንኳ ትንፍሽ አላሉም ብሎ አዘነ። 10ኛው የፈረንጁ 1995 በእኛ 1988 እንደሆነ አስታወሰው። ሰውዬው ያን ጊዜ ገና አንደኛ ክፍል ነበር። 11ኛው ደግሞ ሁለቱንም አለፋቸው። ከዚያ በፊት፣ በፈረንጆቹ 1992፣ አሌክሳንደር ቮልሽቻንና ዴል ፍሬይል በሞተ ኮከብ ሬሳ ዙሪያ የሚዞሩ ፕላኔቶችን አግኝተው ነበር አለ። ፐልሳር ይባላል። ትክክል ነው። 8ኛው ግን እንደ ፀሐይ ያለ ደህና ኮከብ ማለቴ ነው ብሎ ተከላከለ። እሱም ትክክል ነው።

12ኛው ላይ የአንኮበሯ ገባች። ከዚህ ክር አንድ መልስ ብቻ አስቀር ብባል የማስቀረው የእሷን ነው። ስለ ፕላኔት ብዙ እንደማታውቅ ተናግራ ነው የጀመረችው። ግን አለች፣ እኛ ሸዋዎች ይህን ነገር ከልጅነታችን እናውቀዋለን። ጣርማ በር ላይ ቁር አጥንት ይሰብራል። ዋሻውን አልፈህ ወደ ደብረ ሲና ስትወርድ ጋቢህን ትፈታለህ። ቆሎህን እየቆረጠምክ ሸዋ ሮቢት ስትደርስ ሸሚዝህም ይከብድሃል። ኮከብም እንዲሁ ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ አለው። እጅግ የቀረበው ቆላ ነው፣ ውሃው ተንኖ ያልቃል። እጅግ የራቀው ደጋ ነው፣ ውሃው በረዶ ይሆናል። መሃል ላይ ውሃ ፈሳሽ ሆኖ ሊቆይ የሚችልበት ወይና ደጋ አለ። ፕላኔቷ እዚያ ላይ ከተገኘች ምቹ ሊሆን ይችላል ይሏታል። ታዲያ ኮከቡ ትንሽና ቀዝቃዛ ከሆነ ወይና ደጋው ወደ እሳቱ ጠጋ ይላል። ብርድ ሲሆን ምድጃ እንደምንጠጋው።

ሃያ ሰው ወደደላት። እኔም ወደድኩላት። ጨረስን ስል 13ኛው መጣ።

13ኛው ሞፈር ነው፤ ገበሬ ነው፣ ከሰላ ድንጋይ። ጽሑፉ ሦስት መስመር አይሞላም። የአንኮበሯ ያወራችው ስለ ከፍታ ብቻ ነው አለ። ወይና ደጋ ሆኖ ድንጋይ የሆነ መሬት እሱ ራሱ አለው። ከፍታውን ነግራችሁኝ መሬቱን ግዛ ብትሉኝ አልገዛም፤ አፈሩን ዘግኜ ሳላይ።

ቲቸር በ14ኛው ወዲያው ተቀበለው። ሳይንቲስቶቹም ራሳቸው ከዚህ የተሻለ አያስቀምጡትም አለ። ጨረቃን ተመልከቱ። ከፀሐይ ያላት ርቀት የምድር ርቀት ነው፤ በወይና ደጋው መሃል ናት። አየር ስለሌላት ግን ቀን ከ100 ዲግሪ በላይ ትነዳለች፣ ሌሊት ከዜሮ በታች ከ100 ዲግሪ በላይ ትወርዳለች። ቬነስም ከወይና ደጋው ጠርዝ ብዙም አትርቅም፤ ግን የካርቦን ዳይኦክሳይድ አየሯ አፍኗት ከ460 ዲግሪ በላይ ትፈላለች። ስለዚህ ምቹ ከተባሉት የአብዛኞቹ ከፍታ ታውቋል። አፈሩ አልታወቀም።

ከ15 እስከ 19 ያለው ስለ ኬ2-18ቢ ነው። ኮምጫጫ የሚባለው እዚህ ላይ ነው የጀመረው። በስም ጠርቶ ሰደበኝ፣ ወሬ አመላላሽ ብሎ። ስድቡን ትቼ ፍሬውን ልንገራችሁ፣ ፍሬው እውነት ነውና። ፕላኔቷ 124 የብርሃን ዓመት ትርቃለች፤ ብርሃን በ124 ዓመት የሚጓዘውን ያህል ማለት ነው። ክብደቷ የምድር 8 እጥፍ ይበልጣል፤ መሬት ይኑራት ባሕር ወይስ ወፍራም ጋዝ ብቻ ገና ክርክር ነው። ጄምስ ዌብ የተባለው ቴሌስኮፕ በ2023 አየሯ ውስጥ ሚቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ አገኘ። በ2025 ሚያዝያ ላይ የኬምብሪጅ ተመራማሪዎች ዳይሜቲል ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ ምልክት አየን አሉ። ይህ ጋዝ በምድር ላይ በዋናነት የሚወጣው ከባሕር ደቃቅ ሕያዋን ነው። ጩኸቱ ሁሉ ከዚህ መጣ። እነሱ ራሳቸው ግን ምልክቱ ገና የማረጋገጫ ደረጃ አልደረሰም ብለው ነበር። ሌሎች ያንኑ መረጃ በሌላ መንገድ ሲመረምሩት አሳማኝ ሆኖ አላገኙትም። ይባስ ብሎ ያው ጋዝ ሕይወት በሌለው ጅራታም ኮከብ ላይም ተገኝቷል።

በ18ኛው ይቅርታ ጠየቅኩ። በ19ኛው ኮምጫጫ ይቅርታዬንም ተቸው።

20ኛው ዲያቆኑ ነው። ሲጽፍ ሁሌም ቀስ ይላል። ሊቃውንቱ ሰባቱን ሰማያት ሲቆጥሩ ኤረር፣ ራማ፣ ኢዮር እያሉ እስከ ጽርሐ አርያም እንደሚያደርሱ አስታወሰና፣ ፈጣሪ ሌላ ዓለም መፍጠር አይሳነውም፣ ስለዚህ እምነት አይናወጥም አለ። 21ኛው ሁለቱን አትቀላቅል አለው። 22ኛው ማን ቀላቀለ አለው። ነገሩ ሊከር ሲል በ23ኛው በርኖስ ተመልሶ መጣና ያልታሰበ ነገር አነሳ። የከተማችን ስም ራሱ ከሰማይ የወረደ አይደለም ወይ? ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በሰማይ ላይ ብርሃን አይተው ነው ደብረ ብርሃን ያሏት። 24ኛው ያ ብርሃን የሃሌ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ አሉ፣ በ1456 በፈረንጆቹ አልፏልና አለ። ዲያቆኑ በ25ኛው ተአምርን ወደ ድንጋይ አታውርድ ብሎ ተቆጣ። 26ኛው ዓመቱ ከዜና መዋዕሉ ጋር በደንብ አይገጥምም ብሎ ጠረጠረ። ይህ ለብቻው ክር ይወጣዋል። አድሚኑም እንዲያ አለ።

27ኛው መልስ የሰላ ነው። ጸሐፊው ስሙን አልጻፈም። ማዳበሪያ በዚህ ዋጋ፣ መንገድ አንድ ቀን ተከፍቶ ሁለት ቀን ሲዘጋ፣ እናንተ የምትጨቃጨቁት 124 የብርሃን ዓመት ርቆ ስላለ ጋዝ ነው አለ። ለተወሰነ ሰዓት ማንም አልመለሰም። እኔም ጽፌ አጠፋሁ፣ ጽፌ አጠፋሁ። የመለሰው ሞፈር ነው፤ 28ኛው። ማዳበሪያውን የሚገዛው እሱ ራሱ እንደሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ስለዚያ ሲያስብ እንደሚውልና ማታ ሌላ ነገር ማሰብ እንደሚፈልግ ብቻ ጻፈ። 27ኛው ልብ ምልክት አስቀመጠለት።

29ኛው ላይ ሳቁ ተመለሰ። የአንኮበሯ ናት። ኢትዮጵያም በሰማይ ላይ ስም እንዳላት የሚያውቅ አለ ወይ አለች። በ2019 ታኅሣሥ ላይ ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሰጥቶ ነበር። ለእኛ የደረሰን አንድሮሜዳ በተባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ያለ ኮከብ ነው። ኮከቡ ቡና ተባለ። ፕላኔቱ አቦል።

እኔ አላውቅም ነበር። ከ30 እስከ 33 ያለውን ገምቱት። ሁለተኛ ፕላኔት ቢገኝ ቶና፣ ሦስተኛው በረካ ይሆናል አለ አንዱ። ሌላው ጠላ መባል ነበረበት ብሎ ተከራከረ። የደብረ ብርሃን ልጅ አረቄን አነሳ። ቲቸር ብቻ ነው ቁምነገሩን ያልረሳው። አቦል ለመኖሪያ አይሆንም አለ። ከጁፒተር 4 እጥፍ በላይ የሚከብድ ግዙፍ ፕላኔት ነው፤ የሚቆምበት መሬት የለውም። ኮከቡን ለመዞር ሁለት ዓመት ተኩል ያልፈዋል፤ መንገዱም ሞላላ ስለሆነ አንዴ ቆላ አንዴ ደጋ ነው። በዚያው ሳምንት የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና መወንጨፏንም ጨመረ። የእሷ ሥራ ደግሞ ወደ ታች ማየት ነበር፤ እርሻና ደን።

34ኛው ቅርባችን ያለው የትኛው ነው አለ። ፕሮክሲማ ቢ፤ በፈረንጆቹ 2016 የተገኘው። 4.2 የብርሃን ዓመት። በቲቸር ስኒ ማስቀመጫ ልክ ሲሰላ ኮከቡ አንድ ባቄላ ያህላል። ስኒ ማስቀመጫው ደብረ ብርሃን ቢቀመጥ፣ ባቄላዋ ካይሮን አልፋ ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ነው የምትወድቀው፤ 3,100 ኪሎ ሜትር። በቮያጀር 1 ፍጥነት እዚያ ለመድረስ ከ70 ሺህ ዓመት በላይ ይወስዳል። 35ኛው ትኬቱን ጠየቀ። በጣም አሳቀኝ።

36ኛው ስለ ትራፒስት-1 ነው። ወደ 40 የብርሃን ዓመት ርቆ ያለ ትንሽ ቀይ ኮከብ፤ ምድርን የሚያክሉ ሰባት ፕላኔቶች አሉት። እንዲህ ኮከባቸውን ተጠግተው የሚዞሩ ፕላኔቶች አንዱን ፊታቸውን ብቻ ወደ ኮከቡ ሳያዞሩ አይቀሩም፤ ጨረቃ ለእኛ እንደምታደርገው። ግማሹ ሁልጊዜ ቀን፣ ግማሹ ሁልጊዜ ሌሊት። የአንኮበሯ ወዲያው ያዘችው። እንግዲያ ሰው ሊኖር የሚችለው ጣርማ በር ላይ ብቻ ነዋ፤ በሙቀቱና በቁሩ መሃል። የመጀመሪያዋን፣ ቢ የምትባለውን፣ ጄምስ ዌብ በ2023 ሲለካት በኮከቡ በኩል ያለው ፊቷ 230 ዲግሪ ያህል ሆነ። አየር ያላት አትመስልም። በወይና ደጋው ላይ ያለችው ኢ ግን ገና እየተመረመረች ነው።

38ኛው የቲቸር ብሶት ነው። አንድ ትምህርት ቤት ሲያስተምር ትንሽ ቴሌስኮፕ በስጦታ መጥቶ ነበር። ሞዴል 19 ተቆርጦለት ንብረት ክፍል ገባ። ከዚያ በኋላ የዕቃ ማውጫውን፣ ሞዴል 22ን፣ የሚፈርም ጠፋ። ቢሰበር ማን ይጠየቃል እየተባለ ሁለት ዓመት ከነካርቶኑ ቆየ። ቲቸር ለተማሪዎቹ ቴሌስኮፕን ያስተማረው በሥዕል ነው፤ ዕቃው ከግድግዳው በስተጀርባ እያለ። 39ኛው እንዲህ ከሆነስ የመንዙ ጓሳ ላይ ትልቅ ቴሌስኮፕ ይተከል አለ። እንጦጦ ላይ አንድ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት አሉ፣ ግን የአዲስ አበባ መብራት ይጋርዳቸዋል። ጓሳ ከእንጦጦም ከፍ ይላል፤ ሌሊቱም ድቅድቅ ያለ ነው። በርኖስ በ40ኛው ዘሎ ገባ። አባቶቻችን ጓሳን በቀሮ፣ በባህላዊው የጥበቃ ሥርዓት፣ ስንት መቶ ዓመት የጠበቁት ለሣሩና ለቀይ ቀበሮው ነው፤ መኪና እንዳታስገቡብን አለ። እኔ ከበርኖስ ጋር ነኝ። ግን ሰማዩንም እፈልገዋለሁ።

41ኛው ላይ ሞፈር ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መለሰን። እስካሁን ለአሮጊቷ የመለሰላቸው የለም አለ። ውርጭ አለ ወይ ነው ያሉት።

ቲቸር በ42ኛው ሞከረ። ውርጭ የሚመታን ሰማዩ ጥርት ያለ ሌሊት ነው። ደመና ሲኖር መሬት ቀን የወሰደችውን ሙቀት እንዳታጣ ይሸፍናታል፤ ደመና ሲገፈፍ ሙቀቷ ወደ ሰማይ ይሄዳል። አየሩም ራሱ ብርድ ልብስ ነው። አየር የሌላት ፕላኔት ያለ ብርድ ልብስ የምታድር ናት። ስለዚህ የአያትህ ጥያቄ፣ ብርድ ልብስ አላት ወይ የሚለው ነው፤ ጄምስ ዌብም አሁን የሚጠይቀው ይህንኑ ነው አለ። ድንጋያማ ከሆኑት ምቹ ሊሆኑ ይችላሉ ከተባሉት ውስጥ ብርድ ልብሷ የተረጋገጠላት እስካሁን የለችም።

43ኛው የእኔ ነው። ማታ ለአያቴ ደወልኩላት። ከፍታው ታውቋል፣ ብርድ ልብስ ይኑራት አይኑራት ገና እያዩ ነው አልኳት። ዝም አለች። ደጅ ወጥታ እንደሆነ የበሩ ድምፅ ነገረኝ። ከዚያ የእኛ ሰማይ ዛሬ ደመና እንደሌለው፣ ኮከቡ እንደ ቆሎ መበተኑን፣ ስለዚህ የጓሮው ድንች ሳይመታ ገለባ ማልበስ እንዳለባት ነግራኝ ስልኩን ዘጋችው።